ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ሥር አትግቡ

ክረምት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር በውስጥ መስመር የሚጎርፍልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሞባይል መብረቅ ይስባል ወይ?» አይስብም። ቻርጀር ላይ ካልተሰካ ኪሳችሁ ውስጥ ቢቀመጥ ምንም አያመጣም። እኔን የሚያሳስበኝ ስልኩን አጥፍቶ ዛፍ ሥር የሚጠለለው ሰው ነው።

መብረቅ ሰው ገደለ ሲባል ቀጥታ አናት ላይ የወረደ ይመስለናል። እንደዚያ የሚመታው ግን ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛውን የሚጎዳው ሌላ ነገር ላይ ካረፈ በኋላ በመሬት የሚሰራጨው ኤሌክትሪክ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ከዛፍ ወይም ከግድግዳ ወደ ጎን የሚዘለው። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዋርካ ሲመታ ኃይሉ በግንዱ ወርዶ በሥሩ ዙሪያ ይበተናል። ግንዱን ተደግፎ የቆመ ሰው ካለ፣ ሰውነት ከእንጨት ይልቅ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ወደ እሱ ይዘላል። ፈንጠር ብሎ የቆመም አይተርፍ ይሆናል፤ በአንዱ እግሩ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከብቶች በአንድ ጊዜ በጅምላ የሚያልቁት ለዚህ ነው፦ የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ነው፣ መሃል መንገዱ ላይ ደግሞ ልብ አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ኖርዌይ ውስጥ ሃርዳንገርቪዳ በሚባል አምባ ላይ 323 አጋዘኖች በአንድ ማዕበል ሞተው ተገኝተዋል።

ቤት መግባትስ? እንደ ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ኡጋንዳ፣ ኪርያንዶንጎ ወረዳ፣ ሩንያንያ ትምህርት ቤት 18 ተማሪዎችና አንድ መምህር የሞቱት ክፍል ውስጥ እያሉ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ በራሱ ጠላት አይደለም፤ ችግሩ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ሳይኖረው በእንጨትና ጭቃ ግድግዳ ላይ መቀመጡ ነው። መውረጃ ያጣ ኃይል በሰው በኩል ይወርዳል። ያለው እንዲህ ያለ ቤት ብቻ ከሆነ ከግድግዳውና ከብረት በሩ ራቁ። የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር የተዘረጋለት የብሎኬት ወይም የኮንክሪት ቤት ከተገኘ ግን እሱ ይሻላል፤ እዚያም ቢሆን ሻወር አትውሰዱ፣ ቴሌቪዥኑንም ደመናው ሳይደርስ ከሶኬት ንቀሉት።

ሚኒባስ መስኮቱን ዘግቶ ጥሩ መጠለያ ነው፤ የሚያድነው ጎማው ሳይሆን ዙሪያውን የሸፈነው ብረት ነው። ባጃጅ ግን ሸራ ስለሆነ አይቆጠርም፤ የአይሱዙ ጭነት ላይ መቀመጥማ ጭራሽ።

መቼ እንግባ ለሚል፦ ብልጭ ካለ በኋላ እስኪያጓራ ቁጠሩ፤ በየ3 ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። መብረቅ ግን ዝናቡ ካለበት 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ ሊያርፍ ስለሚችል፣ ነጎድጓዱ ከተሰማችሁ ቆጠራውን ትታችሁ ግቡ። ገበሬው «ዝናቡ ይጀምርና በሬዎቹን እፈታለሁ» የሚለው ነገር ያስፈራኛል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ፤ ፀሐይ ወጣች ብሎ ወዲያው መውጣት ብዙ ሰው አስበልቷል። ሜዳ ላይ ደርሶባችሁ መጠለያ ከሌለ ከጉብታው ውረዱ፣ ተራርቃችሁ ሂዱ፣ መሬት ላይ ግን አትጋደሙ።

ሰው ከተመታ ፈርታችሁ አትሽሹት። በመብረቅ የተመታ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም፤ ወዲያው መንካት ይቻላል። ብዙ ሰው ከወደቀ የሚጮኸውንና የሚያቃስተውን ለጊዜው ተዉት፤ ይተነፍሳል ማለት ነው። መጀመሪያ ዝም ወዳለው ሂዱ። የማይተነፍስ ከሆነ 907 እያስደወላችሁ የደረቱን መሃል በሁለት እጅ በኃይል ጫኑ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፤ የሚችል ሰው ካለ ትንፋሽም ይስጠው። ልቡ ቀድሞ ተነስቶ ትንፋሹ ሊዘገይ ስለሚችል ሞቷል ብላችሁ ቶሎ አታቁሙ።