ጨዋታ እንጀራ ይሆናል?

«ልጄ፣ ጨዋታ እንጀራ ይሆናል?»

አባቴ ይህን የጠየቀኝ በታኅሣሥ ወር አንድ እሁድ ነው። ምሳ በልተናል፤ እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ኮሌጅ ውስጥ የማጠናውን ኮምፒውተር ሳይንስ ትቼ ወደ ቪዲዮ ጌም ትምህርት መዛወር እንደምፈልግ ገና ነግሬው መጨረሴ ነው። አባቴ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለ19 ዓመት ታክሲ ነድቷል። አልተቆጣኝም። ስኒውን አስቀመጠና ጠየቀኝ። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር፤ ተረጋግቶ የሚጠይቅ አባት ግን መልስ ይፈልጋል።

«በማርች ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጌም የሚሠሩ ሰዎች ትልቅ ጉባኤ አላቸው። ሄጄ በዓይኔ አይቼ እነግርሃለሁ» አልኩት።

«እውነቱን ትነግሪኛለሽ?»

«እውነቱን፣ አባዬ።»

ጉባኤው ያን ጊዜ «ጌም ዴቨሎፐርስ ኮንፈረንስ» ይባል ነበር። ሰዎች በአጭሩ «ጂዲሲ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሲጀመር፣ ክሪስ ክሮፎርድ የተባለ ጌም ሠሪ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ቤቱ፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ 27 ያህል ሰዎችን ሰብስቦ ነበር። እኔ በሄድኩበት በ2024 ግን ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው መጣ።

አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ውስጥ በየዓመቱ የሚደረገውን ጌምስኮምን ታውቁ ይሆናል። እዚያ ብዙው ሕዝብ የሚሄደው ገና ያልወጡ ጌሞችን ለመጫወት ነው። ጂዲሲ ግን የሠሪዎቹ ስብሰባ ነው። ኮድ የሚጽፉ፣ ሥዕል የሚሥሉ፣ ሙዚቃ የሚያቀናብሩ፣ ታሪክ የሚጽፉና ጌምን ወደ ሌላ ቋንቋ የሚተረጉሙ ሰዎች አንዱ ከሌላው ለመማር ይመጣሉ። ሥራ ፈላጊውም ብዙ ነው።

ሙሉ መግቢያው በ2024 ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍል ነበር። እኔ ያን ያህል ገንዘብ ስላልነበረኝ በበጎ ፈቃደኝነት አመለከትኩ። ያን ጊዜ በጎ ፈቃደኞች የተወሰነ ሰዓት ይሠሩ ነበር፤ በምትኩ በነፃ ይገቡ ነበር። የእኔ ሥራ በር ላይ ቆሞ ባጅ ማየትና ሰልፍ ማስያዝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አስደነገጠኝ። ሞስኮን ሴንተር የሚባለው ቦታ ሦስት ትልልቅ ሕንፃዎች አሉት። ሁለቱ በመንገዱ ሥር ይገናኛሉ፤ ወደ ሦስተኛው ለመሄድ ግን መንገድ መሻገር ያስፈልጋል። ለአንድ ንግግር ሰልፍ፣ ለቡና ሰልፍ፣ ለመጸዳጃ ቤት ሰልፍ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ደረታችሁ ላይ ያለውን ባጅ፣ ከዚያ ፊታችሁን ያያል። ባጄ ላይ «ተማሪ» የሚለውን ሲያነቡ ዓይናቸው ወደ ሌላ ሰው የሄደ ጥቂቶች አይደሉም። ማታ ወደ ማደሪያዬ ስመለስ እግሬ አብጦ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ግን ጆሮዬ ተከፈተ። እዚያ ከሚደረጉት ንግግሮች በጣም የወደድኳቸው ሠሪዎቹ ስህተታቸውን የሚናገሩባቸው ናቸው። አንድ ሰው ለዓመታት የደከመበትን ጌም ስክሪኑ ላይ ያሳያል። ከዚያ «እዚህ ጋ ተሳሳትን፤ እናንተ አትድገሙት» ይላል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይጽፋል። ስህተቱን እንዲህ በአደባባይ የሚያስተምር ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

በእረፍት ሰዓት ደግሞ አንድ በዕድሜ የገፉ መሐንዲስ ስለ ጄሪ ላውሰን ነገሩኝ። ላውሰን በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። በ1976 የወጣውን «ፌርቻይልድ ቻነል ኤፍ» የተባለ የጌም መሣሪያ የሠራውን ቡድን መርቷል። ከዚያ በፊት የቤት ውስጥ ጌም መሣሪያዎች አብረዋቸው የተሠሩትን ጨዋታዎች ብቻ ነበር የሚያጫውቱት። በላውሰን ቡድን መሣሪያ ግን ካርትሪጅ እየነቀሉና እየሰኩ ጨዋታ መቀየር ተቻለ። በማርች 2011 በዚሁ ጉባኤ ላይ ክብር ተሰጠው፤ በሚቀጥለው ወር አረፈ። ስሙን ለአባቴ ልነግረው ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ይህን ብቻ አይቼ ብመለስ ኖሮ መልሴ «አዎ፣ እንጀራ ይሆናል» በሆነ ነበር። ነገር ግን በር ላይ የሚቆም ሰው ብዙ ይሰማል።

«ሥራ አለህ?» «አንተስ?» የሚለውን በየሰዓቱ እሰማ ነበር። በኮቪድ ጊዜ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ብዙ ጌም ስለተጫወተ ኩባንያዎች ብዙ ሠራተኛ ቀጥረው ነበር። በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝና የብድር ወለድ ሲጨምር መቀነስ ጀመሩ። በ2023 በሺዎች የሚቆጠሩ ጌም ሠሪዎች ከሥራ ተቀነሱ፤ 2024 ከገባም በኋላ ቅነሳው አልቆመም። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሠሩ ሰዎች ከእኔ ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ቆመው ሥራ ሲጠይቁ አየሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከጉባኤው አጠገብ ባለው የርባ ብዌና በሚባል መናፈሻ ሰዎች ተሰበሰቡ። ሰላማዊ ሰልፍ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ላይ ሆነው በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ። ንግግር የለ፣ መፈክር የለ፤ ጩኸት ብቻ። የሥራ ማጣቱ፣ የድካሙና የስጋቱ ጩኸት ነበር። እኛ አገር ሰው መከራ ሲደርስበት «ኡኡ!» ብሎ ጎረቤት ይጠራል። እነዚህ ሰዎች ግን ጎረቤታቸውም ተጎድቷልና አብረው ኡኡ አሉ። እኔም ሳላስበው ጮኽኩ።

ጩኸቱ ሲያልቅ አጠገቤ የነበረች ሴት ሳቀች። ሣሩ ላይ ተቀመጥን። የጌም ዲዛይነር ናት፤ ከሁለት ወር በፊት ከሥራ ተቀንሳለች። «አንቺስ ምን ሠርተሻል?» አለችኝ። አፍሬ ስልኬን ሰጠኋት።

የሠራሁት ገበጣ ነበር። ገበጣን የማታውቁ ካላችሁ፦ በእንጨት ላይ በተፈለፈሉ ወይም መሬት ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ውስጥ ጠጠር እያዘዋወሩ የሚጫወቱት የቆየ ጨዋታ ነው። በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ብዙ ዓይነት አለው። ታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ብዙዎቹን መዝግበዋል። እኔ ግን ሕጉን ያገኘሁት ኢንተርኔት ላይ ነው።

ሴትዮዋ አምስት ደቂቃ ያህል ተጫወተች። «በደንብ ይሠራል» አለች። ደስ አለኝ። ከዚያ «ግን ለምን እንዲህ ጸጥ አለ? ይህን ጨዋታ ያስተማረሽ ሰው እንዲህ ዝም ብሎ ነው የሚጫወተው?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያስተማረኝ ሰው አልነበረም።

ወዲያው አባቴ ጋ ደወልኩ። በሜሪላንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ኤርፖርት ተሰልፎ ተሳፋሪ እየጠበቀ ነበር።

«አባዬ፣ ልጅ ሳለህ ገበጣ ትጫወት ነበር?»

«ምን ሆነሻል? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ገበጣ እንዴት ነበር የምትጫወቱት?»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ከብት እየጠበቁ መሬት ላይ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። የእነሱ ጨዋታ «ላም ወለደች» ይባል ነበር። አንዱ ጉድጓድ አራት ጠጠር ሲሞላ ላሟ ወለደች ይባልና ባለቤቱ ያነሳዋል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጠጠር እጁ ውስጥ ይደብቅ ነበር። የተሸነፈ ልጅ የሸሹ ከብቶችን ይመልሳል።

«ዝም ብላችሁ ነበር የምትጫወቱት?» አልኩት።

«ዝም? ገበጣ ዝም ተብሎ ይጫወቱታል እንዴ! አፍ የሌለው ሰውማ ተሸነፈ ማለት ነው። ‹ላምህ ወልዳለች፣ ጥጃዋን እኔ ወሰድኩት፣ አንተ አንጀትህ ይረር!› እያልን ነው እንጂ።»

ከአርባ ደቂቃ በላይ አወራን። በመካከል ተራው ደርሶ ነበር፤ ከኋላው ያለውን ሾፌር አሳለፈው። ተራውን ሲያሳልፍ የመጀመሪያ ጊዜው ነው ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ እሁድ ቤት ተመለስኩ። ቡናው ቀረበ። ቃሌን መጠበቅ ነበረብኝ።

«አባዬ፣ እውነቱ ይኸውልህ» አልኩ። «ለአንዳንድ ሰው እንጀራ ይሆናል። ለብዙ ሰው ግን ዛሬ ኖሮ ነገ ይጠፋል። በጣም ጎበዝ የሆኑ ሰዎች ሥራ አጥተው አይቻለሁ። ስለዚህ ኮምፒውተር ሳይንሱን አልተውም፤ እጨርሰዋለሁ። ጌም መሥራቱንም አልተውም። ማታ ማታና በእረፍቴ እሠራለሁ። ከዚያ እናያለን።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ጄሪ ላውሰን ነገርኩት፤ ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። አዲስ አበባ ውስጥም «ቅኔ ጌምስ» የሚባል ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለ የዶሮ ጌም ለስልክ እንደሠራ ነገርኩት። «ዶሮ?» ብሎ ሳቀ።

ይህን የምታነቡ፣ እንደ እኔ ጌም መሥራት የምትፈልጉ ልጆች ካላችሁ፣ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ድረስ መሄድ የግድ አይደለም። ከጉባኤው ንግግሮች ብዙዎቹ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ሁለተኛ፣ መሥራት ስትጀምሩ ወላጆቻችሁን በልጅነታቸው ምን ይጫወቱ እንደነበር ጠይቁ። ፈቃድ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። በአማርኛ ጠይቁ፤ ቃል ሲጎድላችሁ እነሱ ይሞሉላችኋል። እኔ «አንጀትህ ይረር» የሚለውን የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አባቴ ተነስቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ባዶ የእንቁላል ካርቶንና አንድ እፍኝ ሽምብራ ይዞ ተመለሰ። አሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች ልክ እንደ ገበጣ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ሽምብራውን ቆጥሮ አከፋፈለና «ነይ፣ ተቀመጪ» አለኝ።

ሦስት ጊዜ አሸነፈኝ። በእያንዳንዱ ጊዜ አፉ አላረፈም። እናቴ ከሣቋ የተነሳ ቡናውን ልታፈሰው ነበር።

«በይ» አለ በመጨረሻ፣ ሽምብራውን እየሰበሰበ። «ስልክሽን አውጪና ያልኩትን ሁሉ ቅጂ። ጨዋታው ውስጥ ታስገቢዋለሽ።»