የእድር ኮሚቴ በደኅናው ቀን

መርዶ በተሰማ በሰዓታት ውስጥ ከደጃፉ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ብረት ድስት ይጣዳል። ሐዘንተኛው ቤተሰብ ያዘዘው ነገር የለም፤ ዋጋም አልተነጋገረም። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ደመወዝ የማይቆረጥለት የእድር ኮሚቴ ነው።

ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሹም፣ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል፣ ተቆጣጣሪ፦ አወቃቀሩ ከእድር እድር ብዙም አይለያይም። ሰው ሁሉ ሰብሳቢውን ያያል፤ እኔ ግን አንድን እድር የምመዝነው በሒሳብ ሹሙና በገንዘብ ያዡ ነው። አንዱ ይመዘግባል እንጂ ብር አይነካም፤ ሌላው በደረሰኝ ተቀብሎ ባንክ ያስገባል፤ ወጪው በጣምራ ፊርማ ነው። ሁለቱ ሥራ ለአንድ ሰው የተሰጠበት እድር፣ ሰውየው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን፣ ሐሜት አያጣውም። ሐሜት ከገባ ደግሞ መዋጮው ይንጠባጠባል።

የኮሚቴው ትልቁ ጉልበት ያለው መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ገንዘብ መከራከር ነውር ስለሆነ፣ ለማን ስንት እንደሚከፈል አስቀድሞ በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ ማለቅ አለበት። አባሉ ራሱ፣ ባለቤቱ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድምና እህት በየደረጃቸው ይጻፋሉ። አማትስ? የማደጎ ልጅስ? ዓመታት አብራ የኖረች የቤት ሠራተኛስ? ወርሃዊ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ሐዘን ቢደርስበትስ? ደንቡ ዝም ባለበት ሁሉ ኮሚቴው ዓይኑ ካበጠ ጎረቤት ጋር ይፋጠጣል። ርኅሩኅ ኮሚቴ የሚወድቀውም እዚህ ነው፤ አንድ ጊዜ በይሉኝታ ከደንብ ውጭ ከከፈለ፣ ለሚቀጥለው ጠያቂ «አይቻልም» የሚልበት አፍ የለውም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርና እቁብን አይመለከትም። እድሩ የሚደገፈው በራሱ ደንብ ስለሆነ፣ በደንቡ ላይ መድከም የሚያዋጣው ለዚህም ጭምር ነው። የክፍያውን መጠን በየጊዜው ማየትም ግድ ነው፤ ኑሮ ሲወደድ የቀድሞው ገንዘብ የሬሳ ሳጥን እንኳ ላይገዛ ይችላል። መዋጮ ይጨመር ማለት አያስወድድም፤ ሳይሉ መቅረት ግን እድሩን ባዶ ያስቀራል።

ንብረት ክፍሉ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሳህኑም ብርጭቆውም የእድሩ ምልክት በቀለም ተደርጎበታል፤ ተቆጥሮ በፊርማ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል፣ የጎደለው ይተካል። ድንኳኑ ብልሃት ይፈልጋል፤ ዝናብ የመታው ሸራ እንደረጠበ ከተጠቀለለ ይሻግታል። ጎበዝ ንብረት ክፍል ፀሐይ እስኪወጣ ጠብቆ ዘርግቶ ያደርቀዋል፣ ካስማውንና ገመዱንም ይቆጥራል።

ስብሰባ ላይ ቁጥጥሩ ቅጣት ነው፤ የቀረም ያረፈደም ይከፍላል። ግማሹን ሰዓት የሚበላው ግን ቀድሞ የተናገረውን ለመደገፍ ብቻ እጁን የሚያወጣ ሰው ነው፤ ለእሱ እስካሁን ቅጣት ያወጣ እድር አላየሁም። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን እዚያው አንብቦ ካስፈረመ፣ በሚቀጥለው ወር «እንዲህ አላልንም» የሚል አይነሣም።

እርስዎም የእድር አባል ከሆኑ፣ በሚቀጥለው ወር መዋጮ ሲከፍሉ ጸሐፊውን የቤተሰብ ቅጽዎን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ከተመዘገቡ ወዲህ የተወለደ ልጅ ወይም ከገጠር መጥተው አብረውዎት የሚኖሩ እናት ካሉ ዛሬውኑ ያስጨምሩ፤ ከቀብር በኋላ የሚቀርብን ስም ኮሚቴው ልቀበል ቢል እንኳ ደንቡ ላይፈቅድለት ይችላል።