ስለ ሥራ ጭንቀትና ስለ መቋቋሚያው

ሰውን በሥራው የሚያደክመው የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም። ሥራው በዝቶበት ሥልጣኑ ያነሰው ሰው፣ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ እንኳ ዕረፍት አያገኝም። ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ የደሙም ግፊት ይጨምራል። ይህ ለአደጋ ጊዜ ይጠቅማል፤ ሳይበርድ ከሰነበተ ግን እንቅልፍን ይነሣል፤ አካልንም ይጎዳል።

ይህንም ሊቃውንት መርምረው አስረድተዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ በመንግሥት ሠራተኞች ላይ ምርመራ ተጀመረ። በልብ በሽታ አብዝተው የሞቱት ከባድ ኀላፊነት የተሸከሙት አለቆች ሳይሆኑ በዝቅተኛው ማዕርግ ያሉት ሆነው ተገኙ። በ1985 ዓ.ም. በተጀመረው በሁለተኛው ምርመራ 10,308 ወንዶችና ሴቶች ገቡ፤ በሥራቸው ላይ የመወሰን ሥልጣን ያነሳቸው ሰዎች በልብ በሽታ ይበልጥ እንደሚያዙ ታወቀ።

የገጠር መምህርም ከዚህ አደጋ ውጭ አይደለም። መጽሐፍ ቢዘገይ፣ ክፍሉ በተማሪ ቢጨናነቅ፣ ጣራው ቢያፈስ፣ እርሱ ብቻውን ሊያቃናው አይችልም። ሐዘኑም ወደ ቁጣ ተለውጦ ጥፋት በሌለባቸው ሕፃናት ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ሦስት ነገር ማድረግ ይገባዋል።

አንደኛ፣ በእጁ ያለውንና የሌለውን ይለይ። ገበሬ ዝናብን ማዘዝ አይችልም፤ ነገር ግን ማሳውን ያርሳል፤ ዘሩን ይመርጣል፤ ለውሃው መውረጃ ፈሰስ ያወጣል። መምህርም የትምህርቱን ቅደም ተከተልና የተማሪዎቹን አቀማመጥ ራሱ ሊወስን ይችላል። በቄስ ትምህርት ቤት ቀድሞ የተማረው ታናሹን እንደሚያስቆጥር ሁሉ፣ ጎበዞቹን ለደካሞቹ ረዳት ቢያደርጋቸው ሸክሙ ይቀልለታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው፣ በማይደርስበት ነገር ሲብሰለሰል የሚችለውን እንዳይተው ይጠንቀቅ።

ሁለተኛ፣ ለሥራውና ለዕረፍቱ ድንበር ያብጅ። የሚታረመውን ደብተር በተወሰነ ሰዓት ይጠፍ፤ በእግሩ ይንሸራሸር፤ ከሚያምነው ባልንጀራ ጋር ይነጋገር። እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቍረጡ ሳምንታት ከቈየበት ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ሦስተኛ፣ የማይችለውን ለብቻው አይሸከም። የጐደለውን ቀን ጠቅሶ ለሚመለከተው ሹም በጽሑፍ ያመልክት፤ ለወላጆችም ጉባኤ ያስታውቅ። መታገሥ ማለት ዝም ማለት አይደለምና።

በዚህም የሽማግሌዎች ድርሻ ታላቅ ነው። መምህሩን «ቻለው» ብሎ ማሰናበት መካሪነት አይባልም። የሚያፈሰው ጣራ በአንድ ቀን ደቦ ሊከደን ይችላል፤ የመንደሩ ሽማግሌዎች አብረው የፈረሙበት ማመልከቻም ከአንድ መምህር ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና፣ አንዱ ሊለውጠው ያልቻለውን ነገር ብዙዎች ሆነው ሊለውጡት ይችላሉ። መምህሩ ሲያርፍም ትርፉ ለመንደሩ ልጆች ነው።