ለትራክተር የሚመጥን የሣርና የቁጥቋጦ መቁረጫ እንዴት ይመረጣል?

ትናንት የተገራ ወይፈን ከጎልማሳ በሬ ጋር ብትጠምዱ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቀንበሩ ያዘነብላል፣ ወይፈኑ ይተኛል፣ የቀኑ ሥራ ይበላሻል። ትራክተርም እንዲሁ ነው። ከአቅሙ በላይ ከጫናችሁበት ያጓራል፣ ነዳጅ ይፈጃል፣ መሐል ማሳ ላይ ቀጥ ይላል።

መቁረጫው ከትራክተሩ ኋላ ይታሰራል። በብረት ክዳኑ ሥር ወፍራም ቢላዎች አሉ። ቢላዎቹን የሚያዞራቸው ከትራክተሩ ኋላ የሚወጣው ዘንግ ነው። ሾፌሮች ፒቲኦ ይሉታል። በብዙ ትራክተሮች ላይ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል።

እስቲ አሁን እርሳስ አንሡ። ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር የመቁረጫ ስፋት ቢያንስ 5 የፈረስ ጉልበት ይታሰባል። መቁረጫው 180 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 180 ለ30 ሲካፈል 6 ነው። 6 በ5 ሲባዛ 30 ይሆናል። ይህ 30 የፈረስ ጉልበት ዘንጉ ላይ መድረስ አለበት። ዘንጉ ላይ አልን እንጂ ሞተሩ ላይ አላልንም! ሻጩ የሚነግራችሁ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሞተሩ ነው። ከመቶው 15 ያህሉ ዘንጉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል ብላችሁ ቁጠሩ። ሒሳቡም ለሣር ነው። አጋምና ግራር ለበዛበት መሬት ጉልበቱ ከዚህ መብለጥ፣ ወይም መቁረጫው መጥበብ አለበት።

ታዲያ ትንሹን እንግዛ ትሉ ይሆናል። እሱም ጣጣ አለው። መቁረጫው ከኋላ ጎማዎች ስፋት ካነሰ፣ ጎማ የረገጠው ሣር ሳይቆረጥ ተኝቶ ይቀራል። ከአንዱ ጎማ የውጭ ጠርዝ እስከ ሌላው በገመድ ለኩ።

ክብደቱንም ጠይቁ። ሦስትና አራት ኩንታል የሚመዝን መቁረጫ አለ። ትንሽ ትራክተር ይህን ወደ ላይ ሲያነሣ የፊት ጎማው ይቀላል። የፊት ጎማ ከቀለለ መሪ አይታዘዝም፤ ዳገት ላይ ደግሞ ሰው ይገድላል።

በብዙ መቁረጫዎች ዘንግ ላይ ጉቶ ሲመታ እንዲሰበር የተሠራ ብሎን አለ። ሲሰበር አትናደዱ፣ ሥራው ነው። በቦታው ጠንካራ ብረት የሚከት ሰው ግን ብሎን አድኖ ጥርሱን ያስረግፋል፤ የማርሹን ጥርስ ማለታችን ነው።

ቢላው ድንጋይ ካገኘ እንደ ወንጭፍ ይወረውራል። ስለዚህ ልጆችና ከብቶች ከአካባቢው ይራቁ። ሞተር ከጠፋም በኋላ ቢላው ጥቂት ይዞራል። ቀጥ ብሎ እስኪቆም ማንም ሰው እጁን ከክዳኑ ሥር አያስገባ።