የበሽታ ስርጭት ትንበያና የአርሶ አደሩ ድርሻ



የዕፅዋት በሽታ ወዴት እንደሚዛመት አስቀድሞ መተንበይ ይቻላል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ኦክ የተባሉ የደን ዛፎችን የሚያደርቅ በሽታ ተከሰተ። በሽታው በዝናብና በነፋስ ይዛመታል፤ ሌላ ዓይነት ዛፍ ደግሞ ራሱ ሳይሞት በቅጠሉ ተሸክሞ ያሰራጨዋል። ተመራማሪዎች የግዛቱን ካርታ 250 ሜትር በ250 ሜትር በሆኑ ክፍሎች ከፋፍለው፣ የዛፉን ዓይነትና የአየር ጠባዩን በኮምፒዩተር በማስላት የበሽታውን አካሄድ ተነበዩ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ውጤት እንደሚያሳየው፣ በሽታውን ከግዛቱ ጨርሶ ማጥፋት የሚቻልበት ጊዜ ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የቀረው አማራጭ የተመረጡ ቦታዎችን መጠበቅ ነው።

በዚህ ሥራ የተሳተፈው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከሌሎች አጋሮች ጋር የስንዴ ዋግ ትንበያ ሲሠራ ቆይቷል። የዋግ ዘር በነፋስ ርቆ ስለሚሄድ፣ ትንበያው የነፋሱን አቅጣጫና ከማሳ የሚሰበሰበውን መረጃ ይፈልጋል። ከማሳ መረጃው ከዘገየ ትንበያውም ይዘገያል።

ስለዚህ፦
• የስንዴ ማሳችሁን በየሳምንቱ ዞራችሁ እዩ።
• በቅጠሉ ወይም በአገዳው ላይ ሲነካ እጅ የሚያቀልም ቢጫ ወይም ቀይ ቡናማ ዱቄት ካያችሁ፣ በዚያው ቀን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው አሳውቁ።
• ለጎረቤቶቻችሁም ንገሩ፤ ዋግ የማሳ ድንበር አያውቅም።