ስሜንና የባሕር ማዶ መንግሥታት በዘመነ መሳፍንት ማክተሚያ

ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር በስም ብቻ ተቀምጦ ሥልጣኑ በየአውራጃው ገዥዎች እጅ የወደቀበት ዘመነ መሳፍንት አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከጎንደርና ከደብረ ታቦር አንጻር ነው። የዘመኑን የውጭ ግንኙነትና ሽፍትነት ለመረዳት ግን ከደባት ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን እየወረደ ወደ ተከዜ የሚዘልቀውን መንገድ መመልከት ይበጃል፤ ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚሄደው ጠመንጃ፣ ነጋዴና መልእክተኛ በዚህ በር ያልፍ ነበርና።

የበሩ ጌታ የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በ1823 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ ግዛታቸውን እስከ ባሕሩ አቅራቢያ አስፋፉ፤ ወደቡ ምጽዋ ግን በቱርኮች ተጽዕኖ ሥር ስለነበር የአውሮፓ መንግሥታትን ወዳጅነት ፈለጉ። እንግሊዝ በበኩሏ በቆንስሏ፣ ማለትም ንግዷንና ዜጎቿን በሚጠብቅላት ሹም በዋልተር ፕላውደን በኩል፣ በ1842 ዓ.ም. ከየጁው ራስ አሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለች። ውሉ ከወረቀት አላለፈም፤ ራስ አሊ ውቤን ሳያልፉ ከባሕር የሚደርሱበት መንገድ አልነበራቸውምና።

ውቤ በ1834 ዓ.ም. ከግብፅ አቡነ ሰላማን አስመጥተው፣ በደረስጌ ያማረ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። በ1847 ዓ.ም. የካቲት ወር ደጃዝማች ካሣ በዚያው በደረስጌ ድል ነሧቸውና ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። የስሜን መስፍን ለረጅም ዘመን ያዘጋጀው ክብር እንዲህ ባለ ፍጥነት ለሌላ ሲተላለፍ በአገሪቱ ታሪክ እምብዛም አይታይም።

ድሉ ግን ተራራውን አላስገበረም። ሽፍትነት፣ ማለትም ሹመት የተነፈገ ወይም ዘመዱ የተሻረበት ሰው አምባና በረሃ ይዞ ገዥውን የሚወጋበት ነባር ልማድ፣ ገደል በበዛበት በዚህ አገር ምቹ መጠጊያ ነበረው። የውቤ ዘመድ ደጃዝማች ንጉሤ በትግራይና በስሜን አምፀው ለፈረንሳይ የዙላን ወደብ እስከ መስጠት የሚደርስ ድርድር ጀመሩ፤ የፓሪሱ መልእክተኛ ኮንት ሩሴል በ1852 ዓ.ም. መጥቶ ያለ ፍሬ ተመለሰ። በዚያው ዓመት የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመድ የሆነው ሽፍታ ጋረድ ፕላውደንን ጎንደር አጠገብ አቁስሎ ማረከው፤ ቆንስሉ በገንዘብ ቢዋጅም ከቁስሉ አልዳነም። በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ሊበቀሉ ዘምተው ጋረድ ሲገደል፣ እንግሊዛዊው ባለሟላቸው ጆን ቤልም ወደቀ፤ እጃቸውን የሰጡት የጋረድ ተከታዮችም ደባርቅ ላይ በብዛት ተፈጁ። ይህ ፍጅት ንጉሡን ሲወድሱ ለሚያልፉትም ሆነ ሽፍቶቹን ሲያሞግሱ ለሚተርኩት ሊዘነጋ የማይገባ ነው፤ የሁለቱንም ወገን ሠራዊት የቀለበው የወገራና የስሜን ገበሬ ነበርና።

ንጉሤም ከፈረንሳይ የጠበቁት እርዳታ ሳይደርስላቸው በዚያው ዓመት ጥር ወር ትግራይ ውስጥ ተይዘው፣ እጅና እግራቸው ተቆርጦ ሞቱ።