ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የፈጠራ መብትና ስለሚነሣው ክርክር

በባልባላ የሚኖር አንድ የእጅ ሠራተኛ ዓሣን የሚያባብል አዲስ ማጥመጃ ሠርቶ ሲሸጥ ቢቆይና ጎረቤቱ ያንኑ አስመስሎ በርካሽ ሲሸጥ ቢያገኘው፣ አቤቱታውን ይዞ ወደ ሹም መሄዱ አይቀርም። ሹሙም አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው «የምዝገባ ወረቀትህ የት አለ?» ብሎ ነው። የፈጠራ መብት ዕቃውን በመሥራት ብቻ አይገኝምና፤ የሚገኘው ተመርምሮ በመንግሥት መዝገብ ሲገባ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት የተቆጠሩት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።) ጁልዮ ቢዩል የተባለው አሜሪካዊ በማንኪያ አምሳል ለተሠራው ማጥመጃ በ1852 ፓተንት ተቀብሏል። አሳቡን ያገኘው ማንኪያ ወደ ሐይቅ ወድቆበት ዓሣ ሲነክሰው አይቶ ነው ይባላል፤ እውነት ይሁን ተረት፣ ለመዝጋቢው ግን ተረቱ ሳይሆን ሥዕሉና የጽሑፍ መግለጫው ነው የሚያስፈልገው።

ክርክሩ የሚከረው በዚሁ በመግለጫው ቃል ላይ ነው። ጆንሰንና ዜብኮ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ ዓሣ ሲጠመድ ጀልባን በዝግታ የሚስብ የኤሌክትሪክ ሞተር በራሱ አቅጣጫ እንዲይዝ በሚያደርግ መሣሪያ ተካሰሱ። በፓተንቱ ውስጥ የተጻፈው «አቅጣጫ» የሚለው ቃል የሞተሩን ብቻ ነው ወይስ የጀልባውንም ይጨምራል? ዜብኮ ቃሉ እንዲጠብ ተሟገተ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በ1999 ቃሉን በሰፊው ተርጉሞ ለጆንሰን ፈረደ። እንግዲህ መግለጫውን በችኮላ ያስጻፈ ሰው በአንዲት ቃል ብቻ ሀብቱን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

ሌላው ሊለይ የሚገባው፣ የዕቃው አሠራርና የዕቃው መልክ የተለያዩ መብቶች መሆናቸው ነው። መንጠቆው ዓሣውን እንዳያመልጥ የሚይዝበት ዘዴ በፓተንት ይጠበቃል፤ የማጥመጃው ጌጥና ቅርጽ በንድፍ ምዝገባ ይጠበቃል። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123/1987 (በአውሮጳ 1995) መሠረት ፓተንት ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት 5 ዓመት ሆኖ ለ5 ዓመት ይታደሳል፤ ንድፍም 5 ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ ይታደሳል። ለእጅ ሠራተኛ የሚስማማው፣ በእኛ አስተያየት፣ ይኸው የአነስተኛ ፈጠራ መንገድ ነው።

ነገር ግን የአዲስ አበባው ወረቀት በባልባላ አያስከስስም፤ የአሜሪካውም እንዲሁ። መብቱ የሚሠራው በሰጠው መንግሥት ግዛት ብቻ ነው። ጂቡቲ የኢንዱስትሪ ንብረትን የሚጠብቅ ሕግ በ2009 አውጥታለች፤ ማመልከቻውን የሚቀበለውም የጂቡቲ የኢንዱስትሪና የንግድ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነው። አገሪቱ ከ2002 ጀምሮ የፓሪስ ስምምነት አባል ስለ ሆነች፣ በዚያ አስቀድሞ ያመለከተ ሰው ለፓተንት በ12 ወር፣ ለንድፍ በ6 ወር ውስጥ በሌሎቹ አባል አገሮች ቢያመለክት የመጀመሪያው ቀን ይቆጠርለታል። ወሩ ካለፈ ይህ ቀዳሚነት ይቀራል፤ ዕቃውም እስከዚያው በገበያ ታይቶ እንደ ሆነ አዲስነቱን ማስረዳት አስቸጋሪ ይሆንበታል።